ኮርኒስ ውስጥ የቀረው ጭስ

መጀመሪያ የመጣው ራስ ምታት ነው። ባለቤቴ እመቤት ግንባሯን በሻሽ አስራ፣ «ምች ነው፤ ትናንት ላቤ ሳይደርቅ ደጅ ወጥቼ ነበር» አለች። አመንኳት። ደብረ ታቦር ላይ በክረምት ራሱን የማያመው ማን አለ?

አከራያችን እትዬ ጥሩወርቅ ዳማከሴ ጨምቀው አመጡላት። «ንፋስ እንዳያገኛት ልጄ፤ በሩን ዝጋ፤ መስኮቱንም በጨርቅ ጠቅጥቀው» አሉኝ። ምች የመታው ሰው በእኛ አገር እንዲህ ነው የሚያዘው። ዘጋሁ፤ ጠቀጠቅሁ። ይሙቃት ብዬም ምድጃው ላይ ማገዶ ጨመርሁ።

ስለ ምድጃው ላስረዳ። ከጉና የሚወርደውን ብርድ ለመቋቋም ያሠራነው የብረት ምድጃ ነው። የሚነደው ፔሌት ይባላል፤ ከመጋዝ ብናኝ የተጨመቀ፣ የእርሳስ ቁራጭ የሚያህል ማገዶ ነው። ጭሱ እምብዛም ስለማይታይ ሰው ይዘናጋል። ቱቦውን በጣሪያው ልናወጣ ስንል ግን እትዬ ጥሩወርቅ፣ «ቆርቆሮዬን አትብሳብኝ! የክረምቱን ዝናብ ቤቴ ውስጥ ላስገባው ነው?» አሉ። ስለዚህ ቱቦው ኮርኒሱን አለፈና ከቆርቆሮው ሥር ቀረ። በሰፈራችን ዝናብ እንጂ ጭስ የሚፈራ የለም።

ወደ ማምሻው ውሃ ላጠጣት ጠራኋት። አልመለሰችም። ቀና አደረግኋት። ተዝለፈለፈች። እኔንም ራሴን አዞረኝ። በሩን በትከሻዬ ገፋሁ። ጮህኩ።

ጎረቤት ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሳት። ጣቷ ላይ የተሰካው መሣሪያ ኦክስጅኗ ደህና ነው ይላል። ሐኪሟ ግን አላመነችውም።

«ቤት ውስጥ ምን ታነዳላችሁ?»

ነገርኳት።

«ደጅ ስትወጣ ይቀልላት ነበር?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ምች አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታም ቀለምም የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ይሄ መሣሪያ ደግሞ ሁለቱን አይለያቸውም።»

ወዲያው በጭምብል ኦክስጅን ሰጠቻት። እመቤት ስትነቃ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። ስሜን ለማግኘት ግን ጊዜ ወሰደባት።

ከሆስፒታል ስትወጣ እናቷ ወደ እብናት ወሰዷት፤ ቆላማ ስለሆነ እሳት ሳይነድ ይተኛል። እኔ ባዶው ቤት ውስጥ ቀረሁ። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ድምፅዋን የምሰማ እየመሰለኝ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ትራሷን ከቦታው አላነሳሁም፤ ምድጃውንም ከዚያ ወዲህ አልለኮስኩትም፤ ፎጣ ተከናንቤ ደብተር አርማለሁ፤ ስልኩ እስኪጮህ ድረስም ጆሮዬ እብናት ነው። አንድ ቀን፣ «መቼ ትመጫለሽ?» አልኳት።

«ጋዝ ሲሞቅ ወደ ላይ ይወጣል እያልክ ታስተምራለህ፤ ወጥቶ የት እንደሚሄድ አልጠየቅህም?» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ተቋረጠ። «ጭሱ ደጅ ካልወጣ እኔ እዚያ ቤት አልገባም።»

ለእትዬ ጥሩወርቅ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ለቆርቆሮ ስል ልጅ ልገድል! ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ብሳው፤ እኔው እመርገዋለሁ።» ምድጃውን የሠራልን ብረት በያጅ አዲሱን ቱቦ በግድግዳው አውጥቶ ወደ ላይ አቆመው፤ ከጣሪያው ክፈፍ በላይ ከፍ አደረገውና ዝናብ እንዳይገባበት ቆብ ደፋበት። እሳት እንዳይይዝ ቱቦው በሚያልፍበት ቦታ ያለውን እንጨትና ጭድ አነሳን፤ ቱቦውን ሰፋ ባለ የቆርቆሮ እጅጌ ከለልነው፤ ዙሪያውን እትዬ ጥሩወርቅ መረጉት።

ሐኪሟንም፣ እመቤትን የተሸከሙትን ጎረቤቶችም፣ እትዬ ጥሩወርቅንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናንተም እንዲህ ያለ ምድጃ ካላችሁ፣ የቱቦው አፍ ኮርኒስ ውስጥ ሳይሆን ሰማይ ሥር መሆኑን ወጥታችሁ እዩ፤ ከመስኮትና ከበርም ይራቅ። መጋጠሚያዎቹ ጭስ አያስወጡ፤ ጥቀርሻውን ጥረጉ። ቤት ውስጥ ራሳችሁን አሟችሁ ደጅ ሲቀልላችሁ በሽተኛውን አትጠቅልሉ፤ አውጡት፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

እመቤት ተመልሳለች። አንዳንድ ቃል አሁንም ይጠፋባታል፤ እጠብቃታለሁ። ስንተኛ መስኮቱን ገርበብ ታደርገዋለች፤ የጉና ንፋስ ይገባል። ይበርደናል። ይብረደን።