ለሰርጌ የተቃጠለው ፊውዝ

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ እኔ በተዳርኩበት በሚያዝያ ወር ነው። ብዙ ዘመን አልፏል። ግን ሙሽራ የያዘ መኪና ክላክስ እየነፋ በደጄ ባለፈ ቁጥር ትናንት የሆነ ይመስለኛል።

ከያዮ ወደ መቱ የወሰደኝ የመንግሥት ላንድሮቨር ነበር። ሹፌሩ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ደምሴ ነው። መኪናው መቱ ካለው መሥሪያ ቤት ጋር የሚነጋገሩበት ሬዲዮ ተገጥሞለታል፤ ያኔ ይህ ብርቅ ነበር። አባቴ ሲሸኘኝ፣ «ደምሴ፣ ክላክሱን እንዳታቋርጥ። ልጄ መዳሯን አገር ይስማ» አለው። ጋሼ ደምሴም አላሳፈረውም። መንገድ ላይ ክላክሱ ድንገት ዝም ሲል ወርዶ ነካክቶ ቀጠለ። መቱ ልንገባ ስንል ግን ጭራሹን ጠፋ። በዚያ እልልታ መሀል ማን ልብ ይላል?

ለመልስ ያዮ የሄድነው በዚያው መኪና ነው። አባቴ ፊቱ ጠቁሯል፣ እህልም አልቀመሰም። ከጠዋት ጀምሮ ሆዱን ሲቆርጠው እንደነበር የተናገረው ከእንግዳ ፊት ከወደቀ በኋላ ነው። ቡና ነጋዴው ሐጂ ከድር፣ «ጭነቴን ላራግፍና በኔ ካሚዮን መቱ ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ ለጭቃ እሱ ይሻላል» አሉ።

ባለቤቴ፣ «ላንድሮቨሩ ይፈጥናል። ብንያዝም በሬዲዮ ሌላ መኪና እንጠራለን» አለ። ጋሼ ደምሴ መሬት መሬት ያይ ነበር። ሐጂም ወደ በደሌ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሲዘንብ ስለዋለ ግማሽ መንገድ ላይ ጭቃ ያዘን። «ጋሼ፣ በል ሬዲዮውን ክፈት» አለ ባለቤቴ።

ጋሼ ደምሴ እጁን ከመሪው አላነሳም። «አይሠራም» አለ።

ለካ በሰርጉ ቀን የክላክሱ ፊውዝ ሲቃጠል የሬዲዮውን ነቅሎ ተክቶበት ኖሯል። እሱም ተቃጠለ። ሌላ መለዋወጫ አልነበረውም። «ሰርጋችሁን እንዳላበላሽ ብዬ ነው። በኋላ ደግሞ በሰው ፊት መናገር አፈርኩ» አለ።

የተቃጠለውን ፊውዝ በሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ ወደ ሬዲዮው መለሰው። ሲከፍተው ሽቦው ጨሰ፤ ያም ተስፋ በዚያው አከተመ።

አባቴ ጭኔ ላይ ተኝቶ «ጋሪዻ፣ ኢንተለ ኮ» ይለኛል። ደህና ነኝ ልጄ ማለቱ ነው። ገበሬዎች በበሬ ጎትተው ሲያወጡን መሽቶ ነበር። መቱ ስንደርስ ሐኪሙ፣ «ምነው ቀደም ብላችሁ ብታመጡት» አለ። አባቴ ሳይነጋ አረፈ።

ጋሼ ደምሴ ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ላይ ወደቀ። ሽማግሌዎች አስታረቁን፣ እኔም ይቅር ብያለሁ አልኩ። በዓል በመጣ ቁጥር በእጄ አጉርሼዋለሁ። ሆዴ ግን አልታረቀውም፤ እሱ ከሞተም በኋላ አልታረቀውም።

አባቴም ሕመሙን የደበቀው መልሴን እንዳያበላሽ ነበር። እሱን አንድ ቀን እንኳ አልተቀየምኩትም። ሁለቱም ዝም ያሉት ለኔ ሲሉ ነው። እኔ ደግሞ ለኔ ሲሉ ዝም እንዳይሉ ልጆቼን እየለመንኩ አረጀሁ።