የእጅጌው ስፌት

ልብስ ሰፊዋ ሰው አታምንም። ጠዋት ወደ ስፌት ቤቱ ስትሄድ አባቷን አስተኝታ፣ ውሃና ዳቦ አጠገባቸው አስቀምጣ፣ በሩን ከውጭ ቆልፋ ትወጣለች። አባት የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ካለ ወዲህ ከአፋቸው የሚወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አዎ»።

ማክሰኞ ከሥራ ተመልሳ ሸሚዛቸውን ስታወልቅ ዓይኗ እጅጌው ላይ ቀረ። ተቀዶ ተሰፍቷል። በሰማያዊ ሸሚዝ ላይ ጥቁር ክር፣ ያውም ድርብ፣ ልክ እንደ ጆንያ አፍ። እሷ እንዲህ ብትሰፋ በዚያው ቀን ትባረር ነበር።

«አባዬ፣ ሰው ገብቶ ነበር?»

«አዎ።»

«ወይስ ማንም አልገባም?»

«አዎ።»

ከግድግዳው ማዶ ያሉትን ጎረቤት ጠረጠረች። ወሬያቸው ስለማያቋርጥ ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላቸዋል። ልጃቸው ሊያገባ ቤት ፍለጋ ላይ ነው። ባለፈው ወር «አባትሽን ቀን ቀን እኛ ብናይልሽስ?» ቢሏት «አባቴን ለእኔ ተዉልኝ» ብላ አሳፍራቸዋለች። አሁን ነገሩ የገባት መሰላት። «ሽማግሌውን ጥላቸው ትውላለች» ብለው ለአከራዩ ሊያሳብቁና ቤቱን ሊወስዱ ነው። ከዚህ ከወጣች ደግሞ በሽተኛ ይዛ ማን ያስገባታል?

ረቡዕ «ራሴን አመመኝ» ብላ በምሳ ሰዓት መጣች። በሩ እንደተቆለፈ ነው። በጓሮ ዞረች። ሬዲዮ በመስኮቱ ግማሽ ገብተው፣ እግራቸው ውጭ ተንጠልጥሏል።

«ምን እየሠሩ ነው እትዬ?»

«እሰይ መጣሽ! ወይ ግፊኝ፣ ወይ ሳቢኝ!»

ሳበቻቸው።

«ቤቱን ፈልገው ነው አይደል?»

«እፈልገዋለሁ እንጂ! ቤት ማን ይጠላል? ግን አባትሽ ከአልጋ ሲወድቁ በግድግዳው ይሰማኛል። ትናንት ወድቀው እጅጌያቸው ተቀደደ። በያጁ ጎረቤታችን በመስኮት ገብቶ አነሣቸው፣ እኔ ሰፋሁላቸው።»

«ይሄን ስፌት ይሉታል?»

«ቆልፈሽባቸው ሄደሽ ደግሞ ስፌት ታማርጫለሽ? ይልቅ ክፈቺ፣ አሁንም ወድቀዋል!»

ከፈተች። አባቷ ወለሉ ላይ ናቸው። እሷ በብብታቸው፣ ሬዲዮ በእግራቸው ይዘው አልጋው ላይ መለሷቸው።

«አባዬ፣ ሁልጊዜ ትወድቃለህ?»

«አዎ» አሉ። እውነት ይሁን አይሁን ማወቅ አልቻለችም። ክርናቸው ላይ ያለውን የቆየ ሰንበር ግን አየች።

ሐሙስ በሩን ሳትቆልፍ ወጣች። መንገዱ ጥግ ስትደርስ ከኪዮስኩ ጀርባ ተደብቃ ቆመች። ሬዲዮ ሳህን ይዘው ገቡ፤ በያጁ ተከተለ። ማን ምን ይዞ እንደሚወጣ ልታይ ጠበቀች። ሥራ ረፍዶባታል። ሳህኑ ባዶውን ወጣ፣ በያጁም እጁን እያራገፈ ወጣ።

ያኔም አላመነቻቸውም። ተመልሳ ግን አልቆለፈችም።