ሠላሳኛው ገደል

ጌሟን የቀማኋት ማክሰኞ ጠዋት፣ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ነው። አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ መምህርት ሆኜ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ስልክ ቀምቻለሁ፣ የጆሮ ማዳመጫ ቀምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። መዳፍ የምታህል፣ ግራና ቀኝ ቁልፍ ያላት የእጅ ጌም ናት። ባለቤቷ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ያውም ጎበዝ፤ አክስቷ ከደብረ ታቦር ያመጣችላት ነው። ክፍሉ ሁሉ እየሰማ "እንዲህ ያለ ነገር ጭንቅላት ያደነዝዛል" አልኳት። በእኛ ትምህርት ቤት የተቀማ ዕቃ የሚመለሰው ወላጅ ሲመጣ ነው። ወላጅ የሚመጣው ደግሞ ገበያ ሲወጣ፣ አርብ ነው።

እስከዚያ እኔ ዘንድ ቆየች።

በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ምን እንደሆነ ልየው ብዬ ከፈትኳት። አንድ ትንሽ ሰውዬ አለ። ገመድ ይወረውራል፤ ገመዱ ገደል ላይ የተተከለ ችካል ይይዛል፤ ሰውዬው ተወዛውዞ ማዶ ይሻገራል፣ ገደሉን እየቧጠጠ ይወጣል። ሁሉም ችካል አይታመንም፤ አንዳንዱ ሲይዙት ይነቀላል። የቱን አስቀድሞ የቱን እንደሚያስከትል ማሰብ የተጫዋቹ ፈንታ ነው። ገደሉ በጠቅላላው ሠላሳ ነው። ልጅቷ ሃያ ዘጠኙን ጨርሳ ሠላሳኛው ላይ ቆማለች። እኔም እዚያው ቆምኩ።

አንዴ ብቻ ብዬ የነካኋት ጌም ረቡዕ ምሳዬን አስረሳችኝ። የመጨረሻው ዝላይ አልሆን አለ። ሰውዬው ተወዛውዞ ማዶ ያለውን ጠርዝ መያዝ አለበት፤ በለቀቅኩት ቁጥር ግን ግድግዳው ላይ ተላትሞ ይወድቃል። እኔ ደግሞ መሸነፍ አልወድም። በልጅነቴ፣ ባደግኩባት ወገዳ ከተማ፣ ገበጣ ሲያሸንፉኝ ጠጠሩን በትኜ የምሄድ ነበርኩ። ሐሙስ ወረቀት አውጥቼ ሥዕል ሠራሁ። የሚወዛወዝ ነገር ፍጥነቱ የሚበዛው ታች ሲደርስ ነው፤ ይህን ለስንቱ አስተምሬያለሁ! እንግዲያው ታች ሲደርስ ልልቀቀው አልኩ። ተላተመ። ደግሜ ለቀቅኩት፤ ደግሞ ተላተመ። በማግስቱ ወላጅ መጥቶ ሊወስዳት ነው። ከዚያ በፊት ካልወጣሁት ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል ብዬ አመንኩ። የሚስቅ ይሳቅ።

አርብ ረፋድ ላይ በመምህራኑ ማረፊያ፣ ስታፍ ውስጥ፣ ማንም አልነበረም። አጎንብሼ ስታገል ከኋላዬ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ። ዱላ የያዙ ሽበታም ገበሬ በሩ ላይ ቆመዋል።

"ዕቃ የተቀማችው ልጅ አባት ነኝ" አሉ። "ምን አጠፋች ልጄ?"

ልደብቃት ስል ዘገየሁ። ዓይናቸው እጄ ላይ ነው።

"በትምህርት ሰዓት ይቺን ስትጫወት አግኝቻት ነው" አልኩ።

"እርስዎስ?"

ፊቴ ጋለ። "እኔም እየተጫወትኩ ነው፣ አባቴ። ከማክሰኞ ጀምሮ።"

ይቆጣሉ ስል ጠጋ አሉ። ሰውዬው ሲወዛወዝ፣ እኔ ስለቅቀው፣ ሲላተም ሁለቴ አዩ። በሦስተኛው ከንፈራቸውን መጠጡ።

"ወንጭፍ ወርውረው አያውቁም መሰል" አሉ። "እኔ ማማ ላይ ሁኜ ዝንጀሮ ሳባርር ነው ያረጀሁ። ታች ሳለ ከለቀቁት ድንጋዩ የራስዎን ማሳ ነው እሚመታ። አናት ከወጣ ደግሞ አቅሙ ያልቃል። ታቹን አልፎ ወደ ላይ ሊያቀና ሲል ነው እሚለቀቅ።"

ፍጥነቱን ብቻ አስቤ አቅጣጫውን ረስቼው ኖሯል! ተማሪ ቢሳሳተው ቀይ እስክሪብቶ የማነሳበት ነገር ነው። አፈርኩ፤ ግን ደስታዬ ከእፍረቴ በለጠ።

እንደገና ጀመርኩ። የሚነቀሉትን ችካሎች አልፌ የመጨረሻውን ያዝኩ። ሰውዬው ተወዛወዘ። አዛውንቱ ከትከሻዬ በላይ ትንፋሻቸውን ውጠው ያያሉ።

"ቆይ... ቆይ... ልቀቂ!" ብለው ጮኹ። "እርስዎ" ማለቱም ቀረ።

ለቀቅኩ። ሰውዬው ተስፈነጠረ፣ ጠርዙን በአንድ እጁ ያዘ፣ ተንጠለጠለ፣ ወጣ! እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት፤ ስታፍ ውስጥ፣ በሥራ ሰዓት። እሳቸው ወለሉን በዱላቸው እየመቱ "እሰይ! እሰይ!" ይላሉ።

ልጅቷን አስጠራኋት። አባቷን ስታይ አንገቷን ደፋች። ጌሟን ስመልስላት ግን ከፍታ ሳታይ መቆየት አልቻለችም።

"ቲቸር፣ ሠላሳኛውን ማን አለፈው? እኔ ስንት ጊዜ ሞክሬ አቅቶኛል!"

"አባትሽ" አልኳት። "ጣቱ የእኔ ነው፣ ያወቁት ግን እሳቸው ናቸው። ጭንቅላት ያደነዝዛል ያልኩትም ስህተት ነበር፤ ሰኞ ክፍል ውስጥ እናገረዋለሁ።"

አፏን ከፍታ አባቷን አየቻቸው። ስለ ትምህርቷ አንድም ነገር ጠይቃቸው እንደማታውቅ በኋላ ነግራኛለች።

"እንዴት አወቁት፣ አባየ?"

ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ክንዳቸውን በአየር ላይ እያዞሩ፣ የት ላይ እንደሚለቀቅ ያሳዩን ጀመር። ልጅቷ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። እኔም ጻፍኩ።