ዘነዘናውን ያስቆመ ቃል

ነገሩ የሆነው አምና ነው፤ ለቡ መብራት ኃይል፣ እኔው ግቢ ውስጥ። ዛሬም ሥጋ ስከትፍ እጄን ደም ሲነካው ትዝ ይለኛል።

ሰርቪሱን ለሁለት ሕንዶች አከራይቼ ነበር። ኢምራንና ራጄሽ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ጠጋኞች ናቸው። የመጡበት ክልል ለየቅል ስለሆነ እርስ በርስ የሚግባቡት በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔም ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የቢሮ ጸሐፊ ነበርኩና አይጠፋኝም። ከአንድ ድስት ነበር የሚበሉት። "መንታ እንኳ እንደ እናንተ አይዋደድም" እያልኩ እቀልድባቸው ነበር። አፌን ቁርጥ ያድርገው።

አገራቸው ምርጫ ሲደርስ ፍቅሩ ሻከረ። ራጄሽ ሂንዱ ነው፤ የገዢው ፓርቲ ደጋፊ። ሙስሊሙ ኢምራን ደግሞ "ምርጫ አስፈጻሚውም ፍርድ ቤቱም የእናንተ ሆኗል" ይለዋል። እኔም "ፖለቲካችሁን ከበር ውጭ አውልቃችሁ ግቡ" እላቸዋለሁ። ማን ሰምቶኝ!

አንድ ከሰዓት በኋላ አንሶላ ሳሰጣ የኢምራን እናት ደወለች። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ዐመድ መስሏል። ዕድሜዋን ሙሉ የመረጠችበት ጣቢያ ሄዳ "ስምሽ ከመዝገብ ወጥቷል" ተብላ ተመልሳለች። በረንዳው ላይ ሽንኩርት ይልጥ የነበረው ራጄሽ ቀና እንኳ ሳይል፣ "ዜጋ ብትሆን ስሟ ይኖር ነበር" አለው።

እናት የትም አገር እናት ናት። ኢምራን ቅመም ይወቅጥበት የነበረውን የብረት ዘነዘና አነሳና ግንባሩን አለው። ራጄሽ በጉልበቱ ወደቀ። ሁለተኛው ትከሻው ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁ። ደሙ አንሶላዬ ላይ ተረጨ። ልገላግል ስገባ ኢምራን ደረቴን በክርኑ ብሎ ከግድግዳው ጋር አላተመኝ። ከዚያ ዘነዘናውን በሁለት እጁ ወደ ላይ አነሳ። ይሄኛው እንደሚገድለው ገባኝ።

"በሕግ አምላክ!" ብዬ ጮህኩ።

እጁ አየር ላይ ቀረ።

ቃሉን ያውቀዋል። ከዚያ በፊት ላፍቶ ታክሲ ተራ ሁለት ረዳቶች ሲፋለሙ አንድ ሽማግሌ እንዲህ ብለው ሲያስቆሟቸው አይቶ፣ "ማዘር፣ ምን ብለዋቸው ነው?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። "ይህን የሰማ ሰው፣ ፖሊስ ባይኖር እንኳ፣ አይማታም" ብዬዋለሁ።

ዘነዘናውን ጣለና መሬት ቁጭ ብሎ አለቀሰ። "ማዘር፣ እናቴስ ማን ፊት ትጩህ?" አለኝ።

ነጠላዬን ቀድጄ የራጄሽን ግንባር አሰርኩ።

እግዜር ይመስገን ራጄሽ ተረፈ። ኢምራንም በራሱ እግር ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰጠ። ለሁለቱም እስከ ዛሬ አዝናለሁ።

በቀደም ዕለት እዚያው ታክሲ ተራ ሁለት ጎረምሶች በድንጋይ ሲፈነካከቱ ደረስኩና እንደ ልማዴ "በሕግ አምላክ!" አልኩ። አንደኛው ዞር ብሎ አየኝ፣ ሳቀ፣ ድንጋዩን መልሶ ሰነዘረ።

የዚያ ልጅ ሳቅ ከኢምራን ዘነዘና ይልቅ ያስፈራኛል።