ድንኳኑ እስኪነሳ

የሙዚቃዊ ቲያትር ዜማ ደራሲ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተረከብኩት ኦርጋን ከኖኅ መርከብ የተረፈ ነበር። ሦስት ቁልፎቹ ሞተዋል፣ ሁለቱ ያቃስታሉ፣ የቀሩት ደግሞ እንደ ኩርፈኛ ዘመድ ካልተለመኑ አይናገሩም። ዘመኑ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ ቦታው እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ፣ መትናስ የሚሉት የሰፈራችን የሕዝብ ማዕከል አዳራሽ። ጠዋት ፋብሪካ ካርቶን አጥፌ፣ ከሰዓት በኋላ ዜማ ደራሲ እሆናለሁ።

አዘጋጇ ዳፍና ትባላለች፤ ከቴል አቪቭ በአውቶቡስ የምትመጣ ሴት ናት። የንጉሥ አዝማሪ ያህል ክብር ጠብቄ ብሄድ፣ አራት ሰዎች የመድረኩን ድንኳን እስኪያነሱ የሚበቃ ዘፈን አምጣ አለችኝ። የሙያው ምስጢር ያን ዕለት ገባኝ። የመድረክ ዜማ ርዝመት የሚለካው በዕቃ አንሺዎቹ ጉልበት ነው። አንዱን ወገቡን ባመመው ቁጥር ሁለት ስንኝ እጨምር ነበር።

ተውኔቱ እኛ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል የመጣንበት የሱዳን መንገድ ነው፤ ንግግሩ በዕብራይስጥ፣ ዘፈኑ በአማርኛ። ኖታ የሚያነብ አልነበረም፣ እኔን ጨምሮ። ስለዚህ ለመሪው ድምፃዊ ግጥሙን ለብቻው፣ ለተቀባዮቹ አዝማቹን ለብቻቸው አስጠናለሁ። የሚገጥሙት በጠቅላላ ልምምድ ነው። እስከዚያ ተቀባዮቹ ግጥሙን አይሰሙትም።

ድንኳኑ የሚነሳው የስደተኞች ሰፈሩ ትዕይንት ሲያበቃ ነው። ለዚያች ቦታ በአምባሰል ሙሾ ደረስኩ። ግጥሙን ያመጣው መሪ ድምፃዊው አለባቸው ነው። ሱዳን ውስጥ በእጁ የቀበራቸውን ሰዎች በስማቸው ይጠራል። ከሁሉ የሚያባባው ስንኝ ደሴ የሚባል ጎረምሳ ላይ ነበር።

ከተቀባዮቹ መካከል እማማ ትርንጎና ልጃቸው ወርቄ አሉ። የእማማ ትርንጎ ድምፅ ዛሬ ካርሜ ጋት የሚባለው አዲስ ሰፈር እስከተሠራበት ሜዳ ድረስ ይሰማ ነበር ብል፣ የጨመርኩት ጥቂት ነው።

ጠቅላላ ልምምዱ ሁለት ቀን ሲቀረው ወርቄ በምሳ ሰዓት ፋብሪካው በር ላይ መጣች።

«አያ ፈንታ፣ አለባቸው ሲያንጎራጉር ሰማሁት። ደሴ የሚለው ወንድሜን ነው።»

«እና?»

«እናቴ አልተረዳችም።»

እማማ ትርንጎ ልጃቸው ከሱዳን ወደ ካናዳ ተሻግሯል ብለው ነው የሚያምኑት። መርዶው መጀመሪያ ከሕመማቸው እስኪያገግሙ ተብሎ ተደበቀ። ቀጥሎ እስራኤል እስኪገቡ፣ ቀጥሎ ቤት እስኪሰጣቸው፣ ቀጥሎ ወርቄ እስክትዳር። እኛ መርዶ ስንደብቅ ልክ የለንም።

ለዳፍና ነገርኳት። «ስሙን ቀይረው፣ ምን ያስጨንቃል?» አለች። እኔም ቀላል መስሎኝ አለባቸውን «ደሴን ካሴ በለው፣ ቤቱም ይመታል» አልኩት።

አለባቸው ኩባያውን አስቀመጠ። «ስቀብረው ነበርክ? ማንነታችን እንዳይታወቅ አፋችንን በጋቢ ይዘን ነው የቀበርነው። እዚያ አላለቀስኩለትም። እዚህ ደግሞ ስሙን ልዝለለው?»

ኩባያውን መልሼ ሞላሁለትና ወጣሁ።

ከወርቄ ጋር ወደ ቄሳችን ወደ አባ ብርሃኑ ሄድን። ነገርናቸው።

«ሰው የልጁን ሞት ከመድረክ አይሰማም» አሉ። «የሞተ ሰውም ስሙ አይቀየርም። ጎህ ሲቀድ እንሄዳለን።»

ጎህ ሲቀድ ሄድን። የፋብሪካ አውቶቡሶች የጠዋት ሠራተኛ ይለቅማሉ። አባ ብርሃኑ የጠሯቸው ሽማግሌዎች፣ አለባቸውና እኔ ከእማማ ትርንጎ ሕንፃ ሥር ቆምን፤ ወርቄ ከኋላችን። አባ ብርሃኑ የሚሉትን ከንፈራቸው ላይ ያጠናሉ። እማማ ትርንጎ የጽዳት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ምሳቸውን በፌስታል ይዘው ከደረጃው ወረዱ። አዩን። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ለምን እንደሚመጣ ማንም አገር ቤት ያደገ ሰው ያውቃል። አንድ በአንድ ተመለከቱን፤ ዓይናቸው ወርቄ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ወርቄ እዚያ ቆማለች» አሉ። «እንግዲያ ደሴ ነው።»

ምሳቸውን ደረጃው ላይ አስቀመጡት። አባ ብርሃኑ ያጠኑትን ሳይናገሩት ቀሩ።

በሕንፃዎቹ መካከል የለቅሶ ድንኳን ተተከለ። እማማ ትርንጎ አለባቸውን ጠርተው የት እንደቀበረው፣ ራሱን ወዴት እንዳደረገው፣ በምን እንደገነዘው ጠየቁት። ነገራቸው። ሁለቱንም እጆቹን ይዘው «እነዚህ እጆች ይባረኩ» አሉት። ያኔ አለባቸው ጮኸ። እንደዚያ ያለ የወንድ ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም፤ ይህን አላጋነንኩም። የእኔን አምባሰል ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ከለቅሶው በኋላ አለባቸው ሙሾውን አልዘፍንም አለኝ። «ያን ሁሉ ተከራክረህ?» ስለው፣ «አለቀስኩለት እኮ» አለ።

ዳፍና ግን ድንኳኑ መነሳት አለበት፣ ሌላ ዘፈን አምጣ አለች። ኦርጋኑ ላይ ተቀመጥኩ። የሚያቃስቱት ቁልፎች እንኳ እምቢ አሉኝ።

የምርቃቱ ዕለት አራቱ ሰዎች ድንኳኑን ያለ ዘፈን አነሱት። የምሰሶው መንቋቋትና ወገቡን የሚያመው ሰውዬ ትንፋሽ ይሰማ ነበር። እማማ ትርንጎ ከተቀባዮቹ ጋር ቦታቸው ላይ ጥቁር ለብሰው፣ አፋቸውን ገጥመው ቆመዋል። ከአዳራሹ መጀመሪያ አንዲት ሴት፣ ቀጥሎ ሌሎች፣ ቀጥሎ ሁሉም አለቀሱ። ያ ሁሉ ሰው መርዶው ያልተነገረ ልጅ ወይም ያልተለቀሰለት ወንድም በልቡ ይዞ ነበር የመጣው።

ዳፍና ዘፈኑን የተውከው ሆን ብለህ ነው ወይ አለችኝ። ሆን ብዬ ነው አልኳት፤ ታዲያ ምን ልበል።

ለሙሾ ዜማ ስትደርሱ ግጥሙ ላይ ያለው ስም የማን እንደሆነ ጠይቁ። እናቱ ተረድታ እንደሆነም ጠይቁ።