አራተኛዋ ቋጠሮ

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳላወርድ፣ ፍሪጁ ፊት ቆሜ ቀረሁ። በመሐል ሜዳ ብርድ ፍሪጅ ምን ያደርጋል የሚለኝ ሰው አያጣም፤ እውነቱን ነው። ባለቤቴ ከደብረ ብርሃን በአይሱዙው ጭኖ ካመጣው ጀምሮ ከቤቱ ይልቅ የፍሪጁ ውስጥ ይሞቃል እያልን እንቀልዳለን። የምንጠቀመው በበሩ ነው። በሩ ላይ ሳምንታዊ የግል እቅዴን ለጥፌበታለሁ።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ሥራዬ የሰው እቅድ መከታተል ነው፤ ማን ምን አቀደ፣ ምን ያህሉን ፈጸመ፣ ያልፈጸመው ለምንድን ነው እያልኩ ሠንጠረዥ ስሞላ ይመሻል። አንድ ጊዜ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ የራሳችሁን ኑሮ ሳታቅዱ የሌላውን እንዴት ትከታተላላችሁ ብሎ ነካካንና፣ እኔ እንደሁ ነገር ቶሎ ይገባኛል፣ በዚያው ሳምንት ለራሴ ሠንጠረዥ አወጣሁ። ሦስት ቀን ጠዋት በእግር መሄድ፣ አሥር ገጽ ማንበብ፣ ልጆቹ ላይ አለመጮህ፣ እቤት ከገቡ በኋላ የቢሮ ስልክ አለማንሳት፣ በመጨረሻም ዘመሮ ወርዶ እናቴን መጠየቅ። እሑድ እሑድ የተሠራው ላይ ምልክት አደርጋለሁ። የእግር መንገዱ አንዳንዴ ይሳካል፤ አለመጮሁ ሳምንት ሞልቶ አያውቅም። የመጨረሻዋ መስመር ግን ከፋሲካ ወዲህ አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው ያላት፦ ወደሚቀጥለው ሳምንት ተዛውሯል።

“ያጋጠመ ችግር” የሚለው ዓምድ ውስጥ ሁልጊዜ የምሞላው አላጣም፤ የልጆቹ ፈተና፣ ዝናቡ፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት። ዋናው ምክንያት ግን እዚያ አይጻፍም። ለእናቴ ልነግራት የሚገባ አንድ ነገር አለኝ። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ይዤው ኖሬያለሁ። እሷ ደግሞ መርሳት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆናት፤ መጀመሪያ የጎረቤት፣ ቀጥሎ የልጅ ልጆች፣ አሁን አሁን የልጆቿም ስም እየጠፋት ነው። ሙሉ በሙሉ ሳትረሳኝ መድረስ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ እግሬ ግን እንቢ ይለኛል።

ያን እሑድ ፍሪጁ ፊት ያስቆመኝ በመጨረሻዋ መስመር ላይ የተሠራ ምልክት ነው። በብርቱካንማ እርሳስ፣ ጎበጥ ያለ፣ ከሳጥኑ የወጣ። ታናሿ ልጄ ቃልኪዳን እርሳሱን እያኘከች በሩ ሥር ቆማ ታየኛለች።

“ማነው ይህን ያደረገው?”

“እኔ ነኝ። እሷ መስመር ጋ ስትደርሺ ሁልጊዜ ፊትሽ ይከፋል። ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው።”

እንዳልቆጣት ያደረገኝ በአፌ ውስጥ ድንገት የመጣው የበግ ጠጉር ጣዕም ነው። ቅባት ቅባት፣ ጭስ ጭስ የሚል፣ ጥርስ መሐል የሚቀረቀር። ቃልኪዳንም ስምንት ዓመቷ ነው።

የልጅነት ቤታችን ከዘመሮ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ መንደር ውስጥ፣ በጓሳ ሣር የተከደነ ክብ ቤት ነበር። አባቴ ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ይሠራል፤ እናቴ ጠጉሩን ትፈትላለች፤ ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ባልታጠበ የበግ ጠጉር ይሸታል፤ እኛ ልጆች ደግሞ ትምህርት ቤት ገና ሳንታይ በጠረናችን እንታወቅ ነበር። ምሰሶው ላይ የበሬ ቀንድ መስቀያ ነበረ፤ በእሱ ላይ ከአባቴ ጋቢ ጎን አንዲት ጥቁር የጠጉር ክር ተንጠልጥላ ትኖራለች። የእናቴ ሳምንት ያለው በእሷ ውስጥ ነው።

ፊደል አልቆጠረችም። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ መደቡ ላይ ቁጭ ትልና ክሯን አውርዳ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለራሷ ልታደርግ ያሰበችውን እያሰበች፣ ጫፏን በምራቋ እያራሰች ትቋጥራለች። ያሰበችውን ያደረገች ቀን ቋጠሮው ይፈታል። የቤት ሥራ አይቋጠርም፤ ውሃው፣ እንጨቱ፣ ገብሱ፣ ጥጃው፣ ቤቱ ራሱ ይጮሃል እንጂ ማስታወሻ አይፈልግም ትል ነበር። የምትቋጥረው የራሷን ነው፦ አራስ መጠየቅ፣ ፀጉሯን መሠራት፣ ለራሷ ቀሚስ የሚሆን አንድ እንዝርት መፍተል። አንደኛዋ ቋጠሮ ለረጅም ጊዜ ከጎረቤታችን ከእትዬ አስካለ ጋር መታረቅ ነበረች፤ በበግ ምክንያት ተኮራርፈው ስንት እሑድ እንዳለፈ አላውቅም፤ አንድ ቀን ሁለቱም ምንጭ ዳር ተገናኝተው ሲሳሳቁ ተመለሱና እናቴ ቤት እንደገባች እንስራዋን ሳታወርድ ቋጠሮዋን ፈታች። አባቴ ከሽመና ጉድጓዱ ሆኖ “የእኔስ ስም የት ላይ ነው የተቋጠረው?” እያለ ያበሽቃታል። “አንተ ከቤቱ ጋር ነህ፤ ያለ ቋጠሮም ትጮሃለህ” ትለዋለች።

አራተኛዋ ግን እኔ ስምንት ዓመት በሆነኝ ዓመት ከመስከረም ጀምሮ አልተፈታችም። ሌሎቹ እየተፈቱ እየተቋጠሩ ሲቀያየሩ እሷ ጠብቃ፣ ጠቁራ፣ እንደ ምስር ፍሬ ደድራ ተቀመጠች። አራተኛዋ እናቷ ጋ መሄድ ነበረች። እናቴ መርሐቤቴ ተወልዳ ነው ሜንዝ የተዳረችው፤ እናቷ ከዓለም ከተማ ወዲህ፣ ቆላው ውስጥ ይኖራሉ። ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ሁለት ቀን ነው። በጥቅምት ማሽላ ይዘው የመጡ ገበያተኞች “እናትሽ ደክመዋል፤ ዓይንሽን ማየት ይፈልጋሉ” የሚል መልእክት አደረሱላት። ወንዙ ገና አልጎደለም ነበር። ሲጎድል ገብሱ ደረሰ። ገብሱ ሲገባ ታናሽ ወንድሜ ጉንፋን ያዘው። እሑድ ሲመጣ ክሯን ታወርድና አራተኛዋን በጣቷ ዳበስ አድርጋ፣ “ለሚመጣው ሳምንት” ብላ መልሳ ትሰቅላለች። ቁጭ ብላ ያለቀሰችበትን እሑድ አይቻለሁ፤ እኔን ስታይ ጭሱ ነው አለችኝ፤ ምድጃው ግን ያን ሰዓት ጠፍቶ ነበር።

በታኅሣሥ ቆረጠች። ለእናቷ የሚሆን ባና አባቴ ሠርቶ ጨረሰላት፤ ዳቦ ቆሎው ተቆላ፤ የአባቴ እህት መጥታ ከእኛ ጋር ልትሰነብት ተስማማች። ሰኞ ጠዋት ልትነሳ ቅዳሜ ሆነ።

እኔ በዚያ ሰሞን እንቅልፍ አጥቼ ነበር። አንድ ጊዜ እናቴ ከአባቴ ጋር ስትነታረክ፣ “አንድ ቀን እናቴ ቤት እሄድልሃለሁ፤ ያን ጊዜ ታገኘኛለህ!” ስትለው ሰምቻለሁ። የመንደራችን የአንዱ ሰው ሚስትም እናቴ ቤት ብላ ሄዳ በዚያው ቀርታለች። ስለዚህ እኔ የማውቀው እናት ቤት የሄደች ሴት እንደማትመለስ ነው። ማንን ብዬ ልጠይቅ? አባቴ ይስቅብኛል፤ እሷ ደግሞ እውነቱን ብትነግረኝስ?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ መደቡ ላይ ወጣሁና ክሯን አወረድኳት። ቋጠሮው ከሌለ መንገዱም የሚቀር መሰለኝ። በጥፍሬ ሞከርኩ፤ ስንት ወር በምራቅ የራሰ ጠጉር አይበገርም። በጥርሴ ያዝኩት። እየነከስኩ፣ እየሳብኩ፣ ምራቄ በአገጬ እየወረደ፣ ቅባቱን እየዋጥኩ ታገልኩት፤ በመጨረሻ ላላ። ክሯን በቀሚሴ አድርቄ፣ አስተካክዬ ሰቀልኩና ወንድሜን አዝዬ ወደ ደጅ ወጣሁ።

በማግሥቱ እናቴ ከቅዳሴ መጥታ ክሯን አወረደች። ጣቶቿ አንደኛዋን፣ ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን ዳበሱ። ከዚያ ቆሙ። ወደ ብርሃን ወሰደቻት፤ አገላበጠቻት፤ አማተበች። ትቆጣለች ብዬ በሩ ሥር ተሸጎጥኩ። እሷ ግን ፊቷ ሲበራ አየሁ፤ እንደዚያ ሲበራ ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ አላየሁም።

“ራሱ ተፈቷል! ማንም ሳይነካው!” አለች ለአባቴ። “እናቴ ድናለች ማለት ነው። ገብርኤል ነው የፈታልኝ።”

አባቴ ሄደሽ ብታዪያቸው ይሻላል ብሎ ነበር። እሷ ግን ለፋሲካ ተረጋግቼ እሄዳለሁ፣ ሕፃኑም ይጠናል አለች። ያን ሳምንት እያንጎራጎረች ስትፈትል፣ እኔም እናቴ ስለቀረችልኝ ጉልበቷን ታቅፌ ተኛሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልችልም።

ጥር ላይ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ማሽላ ነጋዴዎቹ ከዘመዶቻችን ጋር ሆነው መርዶ ይዘው መጡ። እናቷ የሞቱት እሷ ልትነሳ ካሰበችበት ሰኞ በኋላ ሁለት ሳምንት ቆይተው ነው። እስከ መጨረሻው “ወንዙን ተሻገረች?” እያሉ ይጠይቁ እንደነበር ከነጋዴዎቹ አንዱ ሳያስበው ተናገረ። እናቴ ደረቷን ስትመታ እኔ ጎተራው ሥር ተደብቄ አፌን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። አልተናገርኩም። በአርባው እናገራለሁ አልኩ፤ በተዝካሩ አልኩ፤ ትልቅ ስሆን አልኩ። እሷም ከዚያ ወዲያ ስለዚያች ቋጠሮ አንድ ቀን አንስታ አታውቅም፤ ባናውንም አጣጥፋ አስቀመጠችው እንጂ ለማንም አልሰጠችውም።

ቃልኪዳን ምልክቷን ባደረገችበት እሑድ፣ ነጠላዬን እንደለበስኩ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዘመሮ ወርጄ በእግሬ እናቴ የምትጦርበት ወንድሜ ቤት ስደርስ በረንዳው ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ያ ባና ጉልበቷ ላይ ነው። እጇ ላይ ጥቁር ክር አለ፤ ጣቶቿ ይሄዱባታል፣ ይመለሱባታል። ክሯ ላይ ያለችው ቋጠሮ አንዲት ብቻ ናት።

“የማን ልጅ ነሽ?” አለችኝ ጉንጬን ከሳመች በኋላ።

“ያንቺ ነኝ እማዬ።”

“ተባረኪ” አለች፤ እንደ እንግዳ።

አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ቅዳሜውን፣ መደቡን፣ ጥርሴን። ገብርኤል ሳይሆን እኔ እንደሆንኩ። እንዳትሄጂብኝ ፈርቼ ነው አልኳት። እያለቀስኩ ነው የተናገርኩት፤ እሷ ደግሞ የሰው ሐዘን እንደሚሰማ ሰው ከንፈሯን እየመጠጠች፣ “ውይ የኔ ልጅ፣ ውይ” እያለች እጄን ታሻሽልኝ ነበር። ስጨርስ ክሯን ዘረጋችልኝ።

“አንቺ ጥርስ አለሽ። ይቺን በጥርስሽ ፍቺልኝማ፤ እኔ አቃተኝ።”

“የምን ናት እማዬ?”

“እናቴ ጋ መሄጃዬ ናታ! ወንዙ ሳይሞላ ልሂድ ብዬ፤ እየጠበቀችኝ ነው።”

የተናገርኩት ገብቷት ይሁን፣ ወይስ ጥርስ ከሚለው ቃል ሌላ ምንም ሳትሰማ ቀርታ እንደሆነ አላውቅም፤ የሚነግረኝም የለም። ቀድሜ ብመጣ ትቆጣኝ ነበር፤ ቀድሜ ብመጣ ምናልባት ይቅር ትለኝ ነበር። አሁን የምትቆጣኝም ይቅር የምትለኝም ሴት የለችም፤ ያለችው እናቷ የምትጠብቃት አንዲት ልጅ ናት። እሷን ደግሞ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። የሰው ክንውን ስከታተል ስኖር ይህ በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ አልተማርኩም።

ቋጠሮዋን ወደ አፌ ወሰድኳት። ጣዕሙ ያው ነው። ጥርሴ ግን አልገጥም አለኝ።

“ፈታሽልኝ?” አለች እናቴ እጇን ዘርግታ።

“አልቻልኩም እማዬ።”

ክሯን ከእጄ ወሰደች፤ ቋጠሮዋን በጣቷ ዳበስ አደረገቻት።

“ግድ የለም” አለችኝ። “ለሚመጣው ሳምንት።”