ሁለታችንም ወጣን

ድርሰቴ አንደኛ ወጣ! ትናንት ዲሬክተሩ በሰልፍ ላይ ሲናገሩ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። በወላጆች ቀን ራሴ ቆሜ አነበዋለሁ። ከእንግዲህ ብዕር ከእጄ የሚነጥቀኝ የለም፣ በቃ!

ቤት እስክደርስ ሮጥኩ። ታላቅ እኅቴ ደጃፍ ላይ ጥጥ ትዳምጣለች።

«አንደኛ ወጣሁ!»

«እሰይ! እኔም ወጥቻለሁ።»

«አንቺ ደግሞ ከምኑ?»

«ከትምህርት ቤት!» ብላ ሳቀች። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ዘንድሮም ስለወደቀች ከእንግዲህ አትምጣ ተብላለች።

የኔታ ዘንድ ስንማር ነገሩ ሌላ ነበር። ፊደሉን ገበታ ሳታይ በዜማ ታወርደዋለች። በቃል ትምህርት ጊዜ መጽሐፍ የለም፤ እሳቸው ይላሉ፣ እኛ እንቀበላለን። እሷ አንዴ የሰማችውን አትለቅም። እኔ ግማሹን ስውጥ አለንጋው ይመጣል። «አንቺ ወንፊት! ከእኅትሽ አትማሪም?» ይሉኝ ነበር። ያኔ ብሩኋ እሷ፣ ፈዛዛዋ እኔ።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ስንገባ ግን ሰሌዳ መጣ። ፊደል ይምታታባታል። «እነዚህ እግር እንጂ ፊት የላቸውም፤ በምን ልለያቸው?» ትለኛለች። መምህሩ የተናገሩትን አንድ ሳታስቀር ትደግመዋለች፤ ወረቀት ሲሰጣት ላብ ያጠምቃታል። ልጆቹ ስም አወጡላት፦ «ሬዲዮ! ታወራለች እንጂ አታነብም!»

ዛሬ ጠዋት፣ አንደኛ የወጣ ሰው የሚደመጥ መስሎኝ፣ ዲሬክተሩ ቢሮ ገባሁ።

«ጌታዬ፣ እባክዎ እኅቴን በቃል ይፈትኑልኝ።»

«ልጄ፣ እኔ ምን ላድርግ? ፈተናው የሚመጣው በወረቀት ነው» አሉኝ።

ክፉ ሰው ቢሆኑ በተናደድኩባቸው ነበር። እሳቸውም ግራ ገብቷቸዋል። እማዬም «ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ትፈትላለች፣ ምን ይደረግ» አለች። ከዚህ በኋላ ማን ዘንድ እንደምሄድ አላውቅም።

ድርሰቴን ትናንት ማታ አንዴ አንብቤላት ነበር። ዛሬ ጥጧን እየዳመጠች፣ ትንፋሽ የወሰድኩበትን ቦታ ሳይቀር፣ ሙሉውን አለችልኝ። «መጨረሻው ላይ ቸኮልሽ» ብላ አረመችኝም። የወላጆች ቀን ነይ ስላት ግን «የወጣሁበት ግቢ ምን ልሠራ?» አለች።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ በወላጆች ቀን ኑልኝ ልላችሁ ነበር፤ ትቼዋለሁ። ይልቅስ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኛ ቤት ብቅ በሉ። እኅቴም «የመጣ ይምጣ፣ በርጩማ ግን የለንም» ብላችኋለች። የምታውቁትን አንድ ነገር ንገሯት፤ በሚቀጥለው እሑድ ብትመለሱ እዚያው እሷ ጋ ታገኙታላችሁ። ብቻ ወረቀት ይዛችሁ እንዳትመጡ።